በበቅሎ ጀርባ የተጓዘ በረዶ

ከመሥሪያ ቤት የወጣሁት ለጡረታ ሦስት ዓመት ሲቀረኝ ነው። የሰው ሀብት ክፍል ልጅ የሰጠችኝ ቅጽ ላይ «ምክንያት» የሚል ክፍት ቦታ ነበር። «ጆሮ» ብዬ ሞላሁት። አንብባው ቀና አለችና «ጋሼ ማርቆስ፣ ሹፌር አይደሉ፣ ስልክ አይቀበሉ፣ ጆሮ ለምን ፈለጉ?» አለችኝ። በእሷ ፋይል ውስጥ ዕድሜዬን የጨረስኩበት ሥራ «የጓዝ እንስሳት ሠራተኛ» ተብሎ ነው የተጻፈው። በቅሎ ነጂ ማለት ነው። ከኋላዬ ወረፋ ስለነበረ ዝም ብዬ ፈርሜ ወጣሁ። ይህን የምጽፈው ያን ዕለት ሳልመልስላት የቀረሁትን ጥያቄ ለመመለስ ነው።

ሥራዬ ክትባት ማድረስ ነበር። መኪና እስከሚገባበት ድረስ መኪና ያመጣዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የእኔና የሦስት በቅሎዎች ነው። ክትባቱ ሰማያዊ ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ በዙሪያው አይስ ፓክ ይደረደራል። አይስ ፓክ ማለት ውሃ ተሞልቶ በማቀዝቀዣ በረዶ የሆነ ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ኮዳ ነው። በቅርቡ ሶዶ ቤቴ ቁጭ ብዬ ከባለቤቴ ጋር ቴሌቪዥን ሳይ፣ ሰዎች በበረዶ አገር ላይ በውሾች የሚጎተት ተንሸራታች ይዘው ቀናት ሲጓዙ አየሁ። ባለቤቴ በቅዝቃዜው ተገረመች። እኔ ፊት የሚሄደውን ውሻ ነበር የማየው። ሌሎቹ ገመዱን ይስባሉ፣ እሱ ግን መንገዱን ያነባል። ነጂው ከኋላ ሆኖ ብዙም አይናገርም። እነሱ በበረዶ ላይ ይሄዳሉ፣ እኛ በረዶ ተሸክመን በሐሩር ላይ እንሄድ ነበር፤ የቀረው ሁሉ አንድ ነው።

መጀመሪያ የተመደብኩት አረካ ነው። እዚያ ጋሼ አንጁሎ የሚባሉ አንድ አዛውንት በቅሎ ነጂ ነበሩ፤ ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ማስተማር ካልነው ማለቴ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የነገሩኝ ነገር ቢቆጠር ከአሥር ቃል አይበልጥም። ጭነት ሲያመዛዝኑ ዓይናቸውን ጨፍነው ሁለቱን ጎን በሁለት እጃቸው ያነሳሉ። ክብደቱን ከዓይን ይልቅ ክንድ ያውቀዋል ይላሉ። ሣጥኑ የሚጫነው መካከለኛዋ በቅሎ ላይ ነው፤ የፊተኛዋ መንገድ ስለምትሞክር ትደናቀፋለች፣ የኋለኛዋ ደግሞ ለመድረስ ስለምትሮጥ ታናጋለች። በሣጥኑ ትይዩ የበቅሎዎቹ የራሳቸው ገብስ ይጫናል። ገብሱ እየተበላ ሲሄድ ጭነቱ ወደ ሣጥኑ ያዘነብላል፤ ስለዚህ ጋሼ አንጁሎ ገብስ በዘገኑ ቁጥር ከመንገድ ድንጋይ አንስተው ከረጢቱ ውስጥ ይጨምራሉ። ቤታቸው ሲገቡ ከረጢቱ ሙሉ ድንጋይ ነው። ባለቤታቸው በዚያ ድንጋይ የጓሮውን አጥር መሠረት አስገንብተዋል።

ሜዳ ላይ በቅሎዎቹ እርስ በርሳቸው ይታሰራሉ። ቁልቁለት ላይ ይፈታሉ፤ አንዷ ብትወድቅ ሁለቱን ይዛ እንዳትሄድ። የአረካ ቀይ አፈር ክረምት ላይ እንደ ሳሙና ነው፣ እኔም በመጀመሪያው ዓመት ከበቅሎዎቹ የበለጠ ወድቄያለሁ። ጋሼ አንጁሎ ስወድቅ ቆመው ይጠብቁኛል እንጂ አያነሱኝም፣ አይስቁብኝምም።

ከልማዳቸው ሁሉ የሚበልጠው ግን የበረዶው ነው። ጠዋት ሲነሱ ፊታቸውን ሳይታጠቡ አይስ ፓኮቹን ከማቀዝቀዣው አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ይዘረጓቸዋል፤ አንዱ ሌላውን ሳይነካ። ከዚያ ይታጠባሉ፣ ይጸልያሉ፣ በቅሎዎቹን ያበላሉ፣ ኮርቻውን ያስተካክላሉ። ሌላው ሁሉ ሲያልቅ ወደ በረዶው ይመለሳሉ። አንድ በአንድ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ዓይናቸውን ጨፍነው ይነቀንቁታል።

«ሁለት ድምፅ ነው የምትሰማው» አሉኝ። «ውሃው ይንቦጫቦጫል፣ በረዶው ይንኳኳል። አንዱ ብቻ ከተሰማህ አትጫን።»

ምክንያቱ ኋላ ነው የገባኝ። ከማቀዝቀዣ የወጣ በረዶ ድንጋይ ነው፤ ከክትባቱ ጎን ሲቀመጥ ክትባቱንም በረዶ ያደርገዋል። አንዳንዱ ክትባት አንዴ በረዶ ከሆነ ተመልሶ ቢቀልጥም አይሠራም። ጥቂት ቀልጦ ውሃ የያዘ በረዶ ግን ይጠብቀዋል። ጋሼ አንጁሎ ይህን ከየትኛውም ሥልጠና አልተማሩትም፤ አንድ ነርስ አንድ ጊዜ ነገረቻቸው፣ እሳቸውም ከዚያ ቀን ወዲህ ሳይሰሙ ጭነው አያውቁም።

«ሙቀቱን ሰው ሁሉ ይፈራልሃል» ይሉኝ ነበር። «አንተ ብርዱን ፍራ።»

ከአረካ ወደ በዴሳ ተዛወርኩ። ስለ በዴሳ የምለው ብዙ የለም። አለቃዬ ከቢሮው የማይወጣ ሰው ነበር፤ በቅሎዎቹን ያየው አንድ ጊዜ፣ እሱም በመስኮት ነው። የበቅሎ አበል በየወሩ ይፈረምልኛል፤ አንዳንድ ወር ከእኔ አበል ይበልጥ ስለነበር የቢሮ ሰዎች «ደመወዝተኞቹ መጡ» እያሉ በበቅሎዎቹ ይቀልዱ ነበር። እዚያ ሳለሁ ፊት መሪ የነበረችውን በቅሎ የቆላ ዝንብ ነክሷት ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ ያዛት። ገንዲ ቀስ ብሎ ነው የሚገድለው። መጀመሪያ የሰነፈች መስሎኝ ዱላ አነሳሁባት። ስትሞት አለቀስኩ፣ ይህን መናገር አላፍርበትም። ዝንቡ የሚናከሰው በቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ዝንብ ባለበት ሜዳ ላይ ፀሐይ ከወጣ አልገኝም ብዬ ለራሴ ማልኩ። ያ መሐላ ነው ኋላ ያጠፋኝ።

ከዚያ ተበላ ወደምትባል ከተማ ተዛወርኩ። አለቃዬ አቶ ይልማ ይባላሉ፣ የጎጃም ሰው ናቸው። ሙቀቱን አልቻሉትም፣ ሆኖም ሥራ የሚወዱ ደግ ሰው ነበሩ። ሦስት አዳዲስ በቅሎዎች ተገዙልኝ። ፊት የምትሄደው ቦራ ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት። ሣጥን የምትሸከመው ዳማ ናት፤ አካሄዷ ለስላሳ ስለሆነ ከላይዋ ላይ የተጫነ ወተት አይፈስም እላለሁ። ኋላ ወለላ ትከተላለች፣ እሷ ያለ ቦራ አንድ እርምጃ አትሄድም። ቦራን ለመምራት ስድስት ወር ያህል ደከምኩ፤ በመጨረሻ ግን የመራችኝ እሷ ናት። ረግረግ ሲኖር ቆማ ጆሮዋን ወደፊት ትቀስራለች። በግድ ልንዳት ባልኩበት ጊዜ ሁሉ ጭቃ ውስጥ ገብቻለሁ።

ከቀበሌዎቻችን በጣም የምትርቀው ላሾ ነበረች። ከተበላ ወደ ታች ተወርዶ፣ የቆላ ዝንብ ያለበት ሜዳ ታልፎ፣ አንድ ጉብታ ተዙሮ ነው የሚደረስባት። እዚያ አስቴር የምትባል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች። የአገሩ ልጅ ናት፣ ሥራ ከጀመረች ገና ዓመት ከመንፈቋ ነው። እኔና እሷ፣ ልጅ የሚያስከትቡት እናቶችም የምንነጋገረው በወላይትኛ ነው፤ እዚህ የምጽፈው በአማርኛ ገልብጬ ነው።

ጋሼ አንጁሎ ባረፉ በዓመቱ፣ በበጋው መጨረሻ፣ አንድ ጠዋት ስነሳ የቦራን የሆድ ማሰሪያ ጠፍር አይጥ በልቶት አገኘሁት። ጠፍሩን ሳልሰፋ መሄድ አልችልም፤ ጭነት ከተንሸራተተ ጀርባዋ ይላጣል። ከአልጋዬ እንደወጣሁ ወደ በረዶው መሄድ ሲገባኝ ወደ ጠፍሩ ሄድኩ። ወስፌና ጅማት ይዤ ስሰፋ ቆየሁ። ጨርሼ ቀና ስል ሰማዩ ቀልቷል። ፀሐይ ሳይወጣ ሜዳውን ማለፍ አለብኝ፣ በዴሳ የሞተችው በቅሎ ዓይኔ ላይ መጣች። አይስ ፓኮቹን አውጥቼ ወዲያው ሣጥኑ ውስጥ ደረደርኳቸው። አንዱን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት። ድምፅ የለውም። «መንገዱ ያቀልጠዋል፣ ይኼ ቆላ ነው» አልኩ ለራሴ። እንዲያውም ለጥንቃቄ ብዬ ሁለት ጨመርኩ።

በቅሎዎቹን ከዝንቡ አዳንኳቸው። አንድም አልነከሳቸውም።

ላሾ ስደርስ እናቶች ከማንጎው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። አርባ ያህል ይሆናሉ። ከሁሉም ኋላ የደረሰችው ዘነበች የምትባል ወጣት እናት ናት፣ ከጉብታው ጀርባ ነው የመጣችው። ወንድ ልጇን አቅፋለች፣ የባሏ እናት አብረዋት አሉ። አስቴር ኋላ እንደነገረችኝ፣ አማቲቱ መርፌ ሕፃን ያተኩሳል ብለው እምቢ ሲሉ ዘነበች ሦስት ቀን ለምና ነው ያስፈቀደችው፤ እሳቸውም የመጡት ሊታዘቡ ነው።

አስቴር ሣጥኑን ከፈተች። አንድ ብልቃጥ አውጥታ ነቀነቀችና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ቆማ አየችው። ሌላ አወጣች። ውስጡ እንደ ተቆራረጠ ወተት ተለያይቶ ወደ ታች ይዘቅጥ ነበር። አይስ ፓኩን በእጇ ዳሰሰች፤ ገና መካከሉ ድንጋይ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ ይኼ ምን ሆኖ ነው?»

ሁሉም ሴቶች እኔን ያያሉ። ስሜ በእነዚያ መንገዶች ላይ ይታወቃል፤ አንድ ቀን ዘግይቼ፣ አንድ ብልቃጥ ሰብሬ አላውቅም። አፌ ቀድሞኝ ተናገረ።

«ሙቀቱ ነው» አልኩ። «ዛሬ መንገዱ እሳት ነበር።»

አስቴር አየችኝ። በረዶ ያበላሸውን ከሙቀት ለይታ እንደምታውቅ ከዓይኗ ገባኝ። ግን እኔ የአባቷ እኩያ ነኝ፣ እሷ ልጅ ናት፣ በሰው ፊት ሽማግሌ አይታረምም። ወደ እናቶቹ ዞራ «መድኃኒቱ ተበላሽቷል፣ ከነገ ወዲያ ሌላ ይመጣል» አለቻቸው።

አማቲቱ ተነሥተው ነጠላቸውን አራገፉ። «አላልኩም? የዚህ አገር ሙቀት መድኃኒት አያስገባም» አሉ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ዘነበች የልጇን ራስ ሸፍና ተከተለቻቸው።

በሦስተኛው ቀን ሁለቱንም ድምፅ የሚያሰማ በረዶ ይዤ ተመለስኩ። ዘጠኝ እናቶች መጡ። አስቴር ቤት ለቤት ዞራ ለመነች። መልሱ አንድ ነበር፤ ያኛው በሙቀት ከተበላሸ ይኼኛውስ በምን መንገድ መጣ፣ ፀሐይዋ ያው አይደለችም? ትክክል ናቸው። ጥፋቱ የአንድ ሰው ነው ብላቸው ኖሮ ሰውዬውን ተሳድበው ይመጡ ነበር። ጥፋቱ የአገራቸው ነው ስላልኳቸው ቤታቸው ቀሩ።

ቅጹ ላይ «በሙቀት» ብዬ ጻፍኩ። አቶ ይልማ አነበቡት፣ ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉና «ምን ይደረግ፣ እኛንም እያቀለጠን ነው» ብለው ፈረሙ። ዋሽቼ አሳሳትኳቸው፣ እሳቸው አላጠፉም።

ክረምቱ ሲገባ ለሌላ ዙር ላሾ ወረድኩ። አስቴር ቦራን ከሩቅ አይታ ልትቀበለኝ መጣች። ሰላምታ ሳትጨርስ «የዘነበች ልጅ ሞተ፣ ትክትክ ነው» አለችኝ። ትክትክ ያ ክትባት ከሚከላከላቸው በሽታዎች አንዱ ነው። ጭነቱን ማውረድ ጀመርኩ። ጠፍሩን መልሼ አጠበቅሁት።

«አንድ መርፌ ብቻውን አያድነውም ነበር ጋሼ» አለች። «ሦስት ነው የሚያስፈልገው።»

ልታጽናናኝ ነው። ልክ ናት፣ ይህንን እኔም አውቃለሁ። ነገር ግን ሦስተኛው የሚመጣው አንደኛው ሲኖር ነው። አዘንኩ ብዬ ብቻ ላልፈው አልችልም። አፈርኩ። እስከዛሬ አፍራለሁ።

«እኔም ያን ዕለት ዝም አልኩ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አንቺን ዝም ያሰኘሁሽ እኔ ነኝ» አልኳት።

በቅሎዎቹን ይዤ ወደ ዘነበች ቤት ሄድኩ። ከደጅ አሰርኳቸው። ቤት ውስጥ ለቅሶ የመጡ ጎረቤቶች አሉ፣ አማቲቱ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ቦታ ሰጡኝ። እንደ ደንቡ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ተናገርኩ። ሙቀቱ እንዳልሆነ፣ በረዶው እንደሆነ፣ በረዶውን ሳልጠብቅ የጫንኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ያን ዕለት በፊታቸው እንደዋሸሁ ተናገርኩ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር፣ ስድቡ ቀላል ይሆንልኝ ነበር።

ዘነበች ቀና አለች። «ታዲያ አርፍጄ በመምጣቴ አይደለም?»

«ምኑ?»

«መጨረሻ የደረስኩት እኔ ነበርኩ። ቶሎ ብደርስ ኖሮ ፀሐይ ሳይበላው ለልጄ ይደርስለት ነበር እያልኩ ነው የከረምኩት።»

ስንት ወር ሙሉ የእኔን ጥፋት ተሸክማ የኖረችው እሷ ናት። ይህን አስቤው አላውቅም ነበር።

«አይደለም» አልኳት። «ጎህ ሲቀድ ብትመጪም ያው ነበር።»

አማቲቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ዘነበች ግን እንባዋን ጠረገችና «በረዶው ደህና መሆኑ በምንድን ነው የሚታወቀው?» ብላ ጠየቀችኝ። ወጥቼ ከዳማ ላይ አንድ አይስ ፓክ አምጥቼ ሰጠኋት። ጆሮሽ ላይ አድርጊና ነቅንቂው አልኳት። ነቀነቀችው። ውሃው ሲንቦጫቦጭ በረዶው ሲንኳኳ ሰማች። ሁለቱን ድምፅ ነገርኳት፣ የጋሼ አንጁሎንም ነገር ነገርኳት።

«እንግዲያው ከአሁን በኋላ እኛም እንስማ» አለች።

ተበላ ተመልሼ ቅጹን አረምኩት። አቶ ይልማ አዝነው፣ እንደ ደንቡ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። ከነማኅተሙ አሁንም አለኝ፤ ከሽልማት የምስክር ወረቀቶቼ ጋር በአንድ ፖስታ ነው የተቀመጠው።

ከዚያ ወዲህ ላሾ ላይ ልማድ ሆነ። ሣጥኑ ሲከፈት መጀመሪያ የሚወጣው ብልቃጥ ሳይሆን አይስ ፓክ ነው። ከማንጎው ሥር ከአንዷ እናት ጆሮ ወደ ሌላዋ ይዞራል። ሕፃናቱም ቀዝቃዛውን ሊነኩ ይንጠራራሉ። አንድ ሌላ አለቃ ለጉብኝት መጥተው ሲያዩ «ይኼ ምን ዓይነት አምልኮ ነው?» ብለው ተቆጡ። አስቴር አሁን ልጅ አይደለችም፣ «ምርመራ ነው» ብላ በሰው ፊት መለሰችላቸው። እናቶቹ በአንዴ አልተመለሱም። በየዙሩ አምስት ስድስት እየሆኑ ተጨመሩ። አማቲቱ እስኪሞቱ ድረስ አልመጡም።

ዓመታት ሄዱ። ወለላ አረጀችና ሞተች፣ ሌላ ተተካች። አቶ ይልማ ወደ አገራቸው ተዛወሩ። ወደ ላሾ መንገድ ተጠረገ፤ ሞተር ብስክሌት መውረድ ጀመረ። ለጤና ኬላው በፀሐይ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ይመጣል ተባለ። ደስ አለኝ፣ ትንሽም ቅር አለኝ፤ ሁለቱም እውነት ነው። በዚያው ሰሞን ባለቤቴ ከጓዳ ስትጠራኝ አልሰማም እያለች መቆጣት ጀመረች። ሰምቼ ዝም የምላት ነበር የሚመስላት። እኔም እንደዚያ እንዲመስላት ፈቀድኩ።

የመጨረሻው ጉዞዬ እንደ ሌሎቹ ነው የተጀመረው። ፊቴን ሳልታጠብ በረዶውን ዘረጋሁ። ጊዜውን ጠበቅሁ። ወደ ጆሮዬ ሳስጠጋው ድምፁ ሩቅ ነበር፤ ውሃው ሲንቀሳቀስ ግን ለእጄ ተሰማው፣ በእጄ አምኜ ጫንኩ። ቦራ መራችን፣ ሜዳውን በጊዜ አለፍን።

ማንጎው ሥር እናቶች ተቀምጠዋል። ዘነበች ፊት ለፊት ናት፣ ከዚያ በኋላ የወለደቻቸው ሁለቱ አድገዋል፤ አሁን ያቀፈቻት ሦስተኛዋ ናት። ሣጥኑን ከፈትኩና እንደ ልማዳችን አይስ ፓኩን አውጥቼ ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ ነቀነቅሁት። ምንም የለም። እንደገና ነቀነቅሁት። ምንም። በሌላኛው ጆሮዬ ሞከርኩ። ያ ጠዋት፣ ያ ጠፍር፣ ያ እንደ ተቆራረጠ ወተት የዘቀጠው ብልቃጥ ተመልሶ መጣብኝ። ሴቶቹ ይጠብቃሉ። በዚህ ጊዜ ግን አፌን ቀደምኩት።

«አልሰማም» አልኩ። «ምንም አልሰማም። አትከተቡ፣ ተበላሽቶ ይሆናል።»

ዘነበች ሕፃኗን ለአስቴር አቀበለችና ተነሥታ መጣች። አይስ ፓኩን ከእጄ ወሰደችው። ጆሮዋ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች፤ ዓይን መጨፈኑን እኔ አላስተማርኳትም። ቀስ ብላ ነቀነቀችው። ቆየች። ከዚያ ዓይኗን ገልጣ፣ እንድሰማት አፏን ወደ ጆሮዬ አስጠግታ ጮክ ብላ ተናገረች።

«ሁለቱም አሉ።»

ሕፃኗን ከአስቴር ተቀብላ ከሁሉም ፊት ቆመች።